ስድስት ችግኝ በጫማ ካርቶን

ማይቴ የጫማ ካርቶን ታቅፋ ወደ ተክል ዕቃ መሸጫው ሱቅ ስትገባ፣ ሻጩ ውስጡ የታመመ ድመት ያለ መስሎት ነበር። ይህን የነገራት ብዙ ቆይቶ፣ ብዙ ነገር ከተባባሉ በኋላ ነው። ነሐሴ ነው፤ የሞንቴቪዴዎ ብርድ አጥንት የሚገባበት ወር። እሷ ግን ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ ካርቶኑን አልብሳዋለች።

«ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ሐኪም ነህ ወይስ ሻጭ?»

«እንደ በሽተኛው ነው።»

ሻርፑን ገለጠችለት። ስድስት የካናቢስ ችግኞች በስድስት የእርጎ ኩባያ ተደርድረዋል። ቀጫጭንና ነጣ ያሉ ናቸው፤ ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ጥለዋል። ሻጩ ሊስቅ አሰበና ፊቷን አይቶ ተወው። ናዌል ይባላል። የሥራ ኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ ወልቆ ክሩ ተንጠልጥሏል፤ ማይቴ እሱን ከማየት ዓይኗን ማንሳት አቃታት።

«የት ነበር ያስቀመጥሻቸው?»

«መስኮት ላይ።»

«በዚህ ክረምት? ብርሃን ርቧቸው እኮ ነው እንዲህ የተንጠራሩት።»

ማይቴ የስድስቱን ነገር ለማታውቀው ሰው መንገር አላማራትም ነበር፤ ግን አፏ አላረፈላትም። እናቷ ዶኛ ኒልዳ ሠላሳ ዓመት ለካርኒቫል፣ ለጎዳናው የጭፈራ በዓል፣ ልብስ ሰፍታ፣ አሁን ቁርጥማት ጣቶቿን ቆልምሞባት መርፌ መያዝ ትታለች። አንዲት ጎረቤታቸው ከጓሮዋ ተክል የምትሠራው ዘይት ነበር ሕመሙን የሚያስታግስላት። ጎረቤቲቱ ሩቅ አገር ልጇ ዘንድ ስትሄድ ስድስት ፍሬ ዘር በወረቀት ጠቅልላ ተወችላቸው። አገሩ ተክሉን በቤት ማብቀል ስለሚፈቅድ ማይቴ ፖስታ ቤት ሄዳ እንደ ደንቡ ተመዘገበች። ለአንድ ቤት የሚፈቀደውም ስድስት ነው። እነዚህ ከሞቱ ሌላ ዘር የለም።

«እንግዲያው አይሞቱም» አለ ናዌል፣ የራሱ እናት የታመመች ይመስል።

ማይቴ መደርደሪያው ላይ ወደሚያበራው ሐምራዊ መብራት ጠቆመች። የካርኒቫል መድረክ መስሎ ደስ ብሏት ነበር።

«እሱ ለዓይን ነው የሚያምረው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሐምራዊ ብርሃን ቅጠሉ ቢጫ ቢሆን እንኳ አይታይሽም። ይሄን ነጩን ውሰጂ። ይረክሳልም፤ የሱቁ ባለቤት እንዳትሰማኝ እንጂ። ነይ፣ እጅሽን ከሥሩ ዘርጊ። ጀርባውን ወደ ላይ። አሁን እስከ ሠላሳ ቁጠሪ። እጅሽን ካቃጠለው ቅጠሉንም ያቃጥለዋል፤ ከፍ ታደርጊዋለሽ።»

መቁጠር ጀመረች። እሱም የራሱን እጅ አጠገቧ ዘረጋ። ሠላሳ አለፈ፣ አርባ አለፈ፤ ማናቸውም እጃቸውን አላነሱም። ስንት ላይ እንደደረሰች ጠፋት።

ቅዳሜ ዕለት ችግኞቹን ወደ ትልልቅ ማሰሮ ሊያዛውርላት ላ ቴሃ ሰፈር፣ ቤታቸው ድረስ መጣ። አባቷ ዶን ኤልቢዮ ፔርሙዙን በብብቱ፣ የማቴውን ቅል በእጁ ይዞ በሩ ላይ ተቀበለው። ማቴ ቅል ውስጥ በፍል ውኃ ዘፍዝፈው በቀሰም የሚጠጡት መራራ ቅጠል ነው፤ ዶን ኤልቢዮን ያለ እሱ ያየው ሰው የለም፤ ሲታመም ሆስፒታል ይዞት ገብቷል እየተባለ ይታማል።

«ያ ኮት ቁልፍ የለውም» አለች ዶኛ ኒልዳ ከወንበሯ ሳትነሳ። «እጄ ቢሆንልኝ ሳትቀመጥ ሰፍቼልህ ነበር።»

«እጠብቅዎታለሁ፣ ዶኛ ኒልዳ» አለ ናዌል። አሮጊቷ ቀና ብላ አየችው።

ከዚያ ሁለቱ ወለሉ ላይ ተንበርከኩ። ግንዱን ሳትነካ፣ ቅጠሉን ብቻ ይዛ እንድታወጣው አሳያት። ግንዱ ስለረዘመ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች አፈሩን ሊነኩ እስኪደርሱ ጠለቅ አድርጋ እንድትተክለው፣ አፈሩንም እንዳትጠቀጥቀው ነገራት። ለመጨረሻው ችግኝ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ሰደዱ። ማይቴ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ ትክ ብሎ አያት። አስተያየቱ እስከ ሰኞ አብሯት ሰነበተ።

በአሥረኛው ቀን ቅጠሎቹ ወየቡ። ትንኝ የሚያካክሉ ዝንቦች በማሰሮዎቹ ላይ ያንዣብቡ ጀመር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለት ችግኞች ከሥራቸው ጠቁረው ተኙ። ማይቴ የቀሩትን አራት እያየች የእናቷን እጅ አሰበች፤ በዚያው ንዴት ሱቁ ደረሰች። ሰው ሞልቶበታል።

«ርካሹን ነው ያልከኝ፣ አይደል? ለካ የማይሸጠውን መብራት ልታራግፍብኝ ኖሯል! ሌባ ነህ።»

ናዌል ፊቱ ቀላ። «ሳላያቸው ምን ልበልሽ? ልምጣና ልያቸው።»

«ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

የሱቁ ባለቤት ከገንዘብ መቀበያው ቀና ብላ ሁሉን ሰማች። በማግስቱ ናዌል ከሽያጭ ተነስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት አፈር እንዲሸከም ተደረገ።

ማይቴ ያን ሳምንት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ ተነሳች። ራሷ እንዳይመጣ ከልክላ ራሷ ትጠብቀው ነበር። ይህም አናደዳት።

እሑድ ጧት ከወትሮው ቀደም ብላ ተነሳች። ዶን ኤልቢዮ ከመብራቱ ሥር ቆሟል። ቅሉን ዘቅዝቆ የትናንቱን እርጥብ የማቴ አተላ ማሰሮው ላይ ካራገፈ በኋላ፣ በጣቱ አፈር ይሸፋፍንበታል።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ቁርስ እያበላኋቸው ነዋ። የእናትሽን ሎሚ በምን ያሳደግኩት ይመስልሻል?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጁ ከተከላቸው ማግስት ጀምሮ። በቀን ሁለቴ። እናትሽ ቆሻሻ ስለማትወድ ነው የምሸፍነው።»

ማይቴ አፈሩን በማንኪያ ጫር አደረገችው። ከሥሩ አረንጓዴው አተላ ሻግቶ፣ ነጭ ፀጉር አብቅሎ፣ ትል ይርመሰመስበታል። አባቷ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀስ ብሎ ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው?» አለ። «ለእሷ ብዬ እኮ ነው።»

ልትቆጣው ፈለገች፤ አልቻለችም። አቀፈችው።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ የአባቷን ፔርሙዝና ቅል ይዛ ሱቁ ገባች። እንደዚያኛው ቀን ሰው እስኪሞላ ቆማ ጠበቀች።

«ባለፈው እዚሁ ቆሜ ናዌልን ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። «ዋሽቻለሁ። መብራቱም ደህና ነው፣ አተካከሉም ደህና ነው። ችግኞቹን የገደላቸው የአባቴ የማቴ አተላ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ፔርሙዛቸውን እንደታቀፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቆይ፣ ለተክል አይሆንም እንዴ?»

«እኔም እኮ በየቀኑ ነው የምደፋው» አለች ሌላዋ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ደርቆ ለትልቅ ዛፍ ምንም አይልም» የሚል ድምፅ ከግምጃ ቤቱ በር መጣ። ናዌል የአፈር ከረጢት በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። «ለጨቅላ ግን እርጥቡ መርዝ ነው።»

ባለቤቲቱ ከረጢቱን እንዲያወርድ በአገጯ ምልክት ሰጠችው። ማይቴ ቅሉን ሞልታ ዘረጋችለት። ናዌል እጁን በኮቱ ጠረገ። ከዚያ ተቀብሎ እስኪንኮራኮር ድረስ መጠጠው።

«ስድቡን እችለው ነበር» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልያቸው ስልሽ እንዳትመጣ ያልሽኝ ነው ያመመኝ።»

«እኔንም አሞኛል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንተ እንድትሆን እመኝ ነበር። አሁን ና፤ አራቱ በሕይወት አሉ።»

ቅሉን መለሰላት። እዚያ አገር የበቃው ሰው ቅሉን ሲመልስ ያመሰግናል። ናዌል አላመሰገነም። ደግማ ሞላችለት።

አራቱም ተረፉ። ናዌል አተላውን ጠርጎ፣ አፈሩን ቀይሮ፣ ለጥቂት ቀን ውኃ ከልክሎ አዳናቸው። ወራት አልፈው አንዱ ዘይት የማይሰጥ ወንድ ሆኖ ተገኘና ተነቀለ። «ከወንድ ምን ይጠበቃል» አለች ዶኛ ኒልዳ፣ ባሏን እያየች። ናዌል መብራቱን ሊያይ በየቅዳሜው ይመጣ ነበር፤ ቀጥሎ ረቡዕም መጣ፤ ቀጥሎ ቀኑ ተምታታ።

«የዚህ መብራት በሽታ ምንድን ነው» ይላል ዶን ኤልቢዮ፣ «በሳምንት አራት ቀን ሐኪም የሚያስፈልገው?»

ማይቴ ትቀላለች። ዶኛ ኒልዳ ደግሞ የቆለመሙ ጣቶቿን ከመብራቱ ሥር ዘርግታ ታሞቃለች፤ እንደ ደንቡ እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች።

ጥር ላይ፣ የካርኒቫሉ ከበሮ ከጎዳናው መሰማት በጀመረ ሰሞን፣ ዘይቱ ደርሶ አሮጊቷ ለሦስት ሳምንት ወስዳው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እጇን ወደ ናዌል ዘረጋች።

«ኮቱን አምጣ።»

ናዌል አውልቆ ሰጣት። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማሳለፍ አራት ጊዜ ሞከረች፤ ማይቴ ልታግዛት ብድግ ስትል ናዌል ክንዷን ይዞ አስቀመጣት፤ ከያዘም በኋላ አልለቀቃትም። በአምስተኛው ክሩ ገባ። ቁልፉን ስትሰፋው ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ቁልፉ ትንሽ ወደ ግራ ዘሟል። ናዌል ለበሰና ቆለፈው፤ ኮቱ ደረቱ ላይ ተጣመመ።

«ጠማማ ነው፣ አውቃለሁ» አለች ዶኛ ኒልዳ ዓይኗን እየጠረገች። «ሌሎቹም ክራቸው ላልቷል፣ ተራ በተራ መውደቃቸው አይቀርም። በወደቀ ቁጥር ከወዲያ ሰፈር ከምትመላለስ፣ አንተም ኮቱም እዚሁ ሁኑ።»

ናዌል ወደ ማይቴ ዞረ። «የመብራቱ ባለቤትስ ምን ትላለች?»

«እኔማ» አለች ማይቴ፣ «ከነሐሴ ጀምሮ እየጠበቅኩህ ነው።»

ዶን ኤልቢዮ ቅሉን አነሳ። አተላውን ሊደፋ ወደ ጓሮው፣ ወደ ሎሚው ሄደ።