ሬሓን የምትባለዋ

ዲሪር ገና ከጅምሩ አላማረኝም። አፈር የማይነካ ገበሬ አይቼ አላውቅማ። እዚህ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ነጭ ቱቦ ደርድሮ፣ በቱቦው ውስጥ ውሃ በሞተር እያዞረ ጤና አዳም፣ ናናና በሶብላ ያበቅላል። ቅጠሉ በቀዳዳው ብቅ ይላል፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይውላል። ይኼን እርሻ ይሉልኛል።

የልጅ ልጄ ፍቅርአዲስ ያገኘችው ቀፊራ ገበያ ነው። ሆዴን ቢቆርጠኝ ጤና አዳም እንድታመጣ ላክኋት፤ ሥሩ እንደ ሽማግሌ ፂም የነጣ ይዛ መጣች።

«አፈሩስ?»

«አፈር የለውም፣ እማዬ። ልጁ በውሃ ነው የሚያበቅለው።»

«የትኛው ልጅ?»

ዓይኗ ከጤና አዳሙ አልነቀል አለ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሆዴን ሳይቆርጠኝም ጤና አዳም ይመጣ ጀመር። የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እየተሻገረች ጣሪያው ላይ ትወጣለች፤ ስትመለስ ቀሚሷ ናና ናና ይላል።

«የማርያምን ጽዋ የምጠጣ ሴት ነኝ። ለሶማሌ ልጅ አልሰጥሽም» አልኳት።

«እሱም ገና አልጠየቀሽም» አለችኝ። ምላሷን ከእኔ ነው የወረሰችው።

አንድ ቀን ከሰዓት መጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ምግብም ስልክም እምቢ አለች።

«ሌላ ሴት አለችው» አለች በመጨረሻ። ደረጃውን ስትወጣ ከጓደኛው ጋር በስልክ በሶማሊኛ ሲያወራ ሰምታዋለች። ድሬ ተወልዳ ሶማሊኛ አይጠፋትም። «ሬሓንን ዛሬ ሙቀቱ አዳከማት፤ ቤት ወስጄ አጠገቤ አሳድራታለሁ። እሷን ካጣሁ አለቀልኝ» ይላል። ሳትታይ ወርዳ መጣች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያቺን ልጅ የማስለቅሳት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሌላ አልፈቀድኩም። ጥቂት ቀን ታገስኩና ነጠላዬን ጣል አድርጌ መጋላ ሄድኩ። ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው። ስወጣ ለዚያም ጨምሬ ሰደብኩት።

ዲሪር ግማሹን ቱቦ ፈትቶ እያሰረ ነው።

«አየዮ» ብሎ ተነሳ። በነሱ ቋንቋ አያቴ ማለቱ ነው።

«አየዮህ ቤቷ ናት። እኔ ዝናሽ ነኝ። ሬሓን የምትባለዋን ጥራት።»

«ሬሓንን?»

«አጠገቤ አሳድራታለሁ ስትል ልጄ ከደረጃው ሰምታሃለች። መልኳን ልየው። የኔን ልጅ የምታስንቅ ምን ያህል ብትቆነጅ ነው?»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ሄዶ ከቱቦው አንዷን ከነሥሯ መዝዞ መጣ፤ ውሃዋ ጫማዬ ላይ ተንጠባጠበ። አሸተትኳት። በሶብላ ናት።

«እናቴ ሬሓን ብላ ነው የምትጠራት። በሶብላ ማለትን ያስተማረችኝ ፍቅርአዲስ ናት» አለ። «ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ቆሞ ነበር። እነዚህ ደግሞ ለዘር ያስቀረኋቸው ናቸው።» ድምፁ ወረደ። «ለዚህ ነው ስልክ የማታነሳልኝ?»

«አንተስ ቱቦውን ለምን ፈታህ?»

«ጅግጅጋ ልሄድ። እሷ ከሌለች ለማን አበቅላለሁ?»

«ለገበያ። ሞኝ።»

አልተቆጣም። የበሶብላዋን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«አየዮ፣ ምን ልትያት ነው?» እንደ ድሬ ልጅ አንቺ ነው የሚለኝ።

«ያየሁትን። አንተ ቱቦህን መልሰህ ግጠም።»

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ጥፋቱ የቋንቋው ነው።

ቤት ስገባ ፍቅርአዲስ ፊቷ አባብጦ ተቀምጣለች። ጨርቁን ጭኗ ላይ ወረወርኩት።

«ጣውንትሽን አመጣሁልሽ።»

ፈታ አሸተተች።

«በሶብላ ናት እኮ።»

«በነሱ ቤት ሬሓን ትባላለች።»

ቅጠሏን በጣቷ አሸት አደረገች። ከዚያ ከንፈሯ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ ሳትቋጥር አሸዋውን ልትሻገር ወጣች።

ስለ ሃይማኖቱ ገና እንጣላለን፤ አልተውኩትም። ጣውንቷን ግን ጥላት ስለሄደች አሮጌ ጣሳ ፈልጌ ተከልኳት። በአፈር።