ክዳን የለበሰው ማጣሪያ

ኦትማር ሮይሽ የሙከራ አዳራሹ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሶ፣ ደሙ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ተረጭቷል። የተመታበት ትልቅ መፍቻ እግሩ ሥር ወድቋል።

ከሽቱትጋርት ወጣ ያለው ይህ አዳራሽ በሃይድሮጅን ለሚበር አውሮፕላን የአየር ማጣሪያ የሚፈተንበት ነው። ሟቹ ኃላፊ ነበር። ከእሱ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ተፎካካሪዎቹ ማጣሪያ ሠሪዎች ቲሎ ብሮይኒንግና ጉንዱላ ቪላንድ ብቻ ናቸው። ቲሎ ትናንት ከሟቹ ጋር ተናንቆ ስለነበር ፖሊሶች በካቴና አስረው እየጎተቱት ነው።

«ቆዩ እስቲ!» አለች መርማሪ ሄድቪግ ዛውተር። እሳት የላሰች ሴት ናት፤ ጥድፊያ ግን ነፍሷ ይጠላል።

ሁለቱ ማጣሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የቲሎ በደም ተለውሷል። የጉንዱላ ግን ክዳን ለብሷል። ሄድቪግ ደም የተረጨበትን ክዳን አነሳችው፤ ከሥሩ ጠብታ የለም።

«ለምንድነው እንዲህ የምትሳሱለት?»

«ሽቶ ተቀብተን እንኳ አንገባም» አለ ቲሎ። «ቆሻሻ ካለፈ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሕዋስ ይሞታል፤ አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ጉልበት ያጣል።»

ሄድቪግ በሩ አጠገብ ወደቆመችው ሴት ዞረች። «ወይዘሮ ጉንዱላ፣ ከድነውት ነው የሄዱት?»

«ኧረ ክፍት ነው የተውኩት! አየር እየሳበ ይደር ብሎ ኦትማር አዟል። ትናንት ማታ ስወጣ እሱና ቲሎ እንደ አውራ ዶሮ ተፋጠው ነበር።»

ሄድቪግ ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ደሙ ክዳኑ ላይ ነው፤ ከሥሩ የለም። እንግዲያው የተከደነው ከመጀመሪያው ምት በፊት ነው። ሟቹ አልከደነውም፤ ክፍት ይደር ያለው ራሱ ነዋ። ቲሎስ ቢሆን የራሱን ማጣሪያ ደም አልብሶ የባላንጣውን ይሸፍናል?»

«ይሄም ማስረጃ ሆነና!» ጉንዱላ ሳቀች።

ሄድቪግ ደም የነካ ጓንቷን ወደ ንጹሑ ማጣሪያ ዘረጋች።

«አትንኪው!» ጉንዱላ ተወርውራ የሄድቪግን ፀጉር ጨመደደች፤ ክንዷን እስኪደማ ነከሰቻት። ፖሊሶቹ ተረባርበው ወለሉ ላይ ደፏት።

«ለሰውየው የጨከነ አንጀትሽ ለዚህ አልጨከነም» አለች ሄድቪግ የደማ ክንዷን ይዛ።

«ዕድሜዬን ነው የጨረስኩበት! እዚህ በፈተና የወደቀ ማጣሪያ በመጋዝ ይቆራረጣል። ኦትማር መጋዙን ሲያወጣ አየሁት! ‹የማንን ነው?› ብዬ ለመንኩት፤ ‹ነገ ትሰሚያለሽ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ!»

ቲሎ የታሰሩ እጆቹን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ።

«ጉንዱላ... መጋዙ ለኔ ነበር። የተናነቅነው የኔን ጥሎ ያንቺን ስለመረጠ ነው። ይብስ እንዳይፈረድብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጉንዱላ ግንባሯን ከወለሉ ጋር ታላጋው ጀመር፤ ይዘው ሊያስቆሟት አልቻሉም።