በሌላ ስልክ ተከፍቷል

የማያምነኝ ይኖራል፤ አልፈርድበትም። ግን በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ቀራንዮ፣ እኛ ቤት።

ወንድሜን ኤልናታንን ከቀበርን ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ለቀስተኛው ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ጓዳ ገብቼ ስልኬን ይዣለሁ።

ኤልናታን ጦር ኃይሎች አካባቢ ጫማ ይሸጥ ነበር። ማታ ደክሞት ይገባና ትንሽ ጌም ይጫወታል። በኢንተርኔት፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር፣ በቡድን ሆኖ። ለመዝናናት ብሎ ነበር የጀመረው...

ምን መዝናናት! ጌሙ በየቀኑ ያልገባን ይቀጣል። ሥራ የሌላቸው ቀኑን ሙሉ ተጥደው ይውሉና እሱን ይሰድቡታል። የቡድኑ መሪ ደሜ ይባላል። ፊቱን አይተነው አናውቅም። ወንድሜን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሸክሙ» ነበር የሚለው።

የኤልናታን ስልክ ከቀብሩ ወዲህ የት እንደገባ አላወቅንም። ግን ባትሪ ሲያልቅበት በእኔ ስልክ አካውንቱን ከፍቶ ይጫወት ስለነበር የደሜ መልእክት ለእኔ ደረሰኝ።

«ስማ ሸክሙ! የስምንት ሰዓቱ ውጊያ ላይ ካልገባህ ትባረራለህ።»

ከተባረረ፣ ለቡድኑ የላከው የድምፅ መልእክት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሳቁ... «መጣሁ፣ ጠብቁኝ» የሚላት ነገር... ሌላ የተቀዳ ድምፅ የለንም።

«ሞቷል። እህቱ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

«ባለፈው መብራት ጠፋ አልክ። ዛሬ ደግሞ ሞትክ? ግባ ባክህ!»

ገባሁ።

ወዲያው አስወጣኝ። «አካውንትዎ በሌላ ስልክ ተከፍቷል» ይላል።

ሌባ! የሞተ ሰው ስልክ የሚሰርቅ!

ደግሜ ገባሁ። አስወጣኝ። ገባሁ... አስወጣኝ። በአንድ በር እየተጋፋን ያለን ነው የሚመስለው።

አንዴ ስገባ የደሜን ድምፅ ሰማሁ። እየሳቀ ነበር።

«ዛሬ ገና ተጫወትክ! ግን ድምፅህ ታፍኗል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ነህ እንዴ? ደግሞ ‹ለምን ጨለመ› እያልክ አትነዝንዘኝ። እኔ መጥቼ ላብራልህ?»



አስወጣኝ።

ሬሳውን ሱፍ ያለበሰው አጎታችን ፈቀደ ነው። ከድንኳኑ ጠርቼ በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

«ጋሼ... የኤልናታን ስልክ የት ሄደ?»

መሬት መሬት አየ።

«እናትሽ ናት። ‹ከእጁ ተለይቶ አያውቅም፣ ኪሱ ውስጥ ተወው› አለችኝ። ሐዘንተኛ እናትን እንዴት እምቢ ትያለሽ?»

«በርቶ ነበር?»

«ኧረ! በእጄ ነው ያጠፋሁት።»

በእጄ የያዝኩት ስልክ ተንቀጠቀጠ። ከኤልናታን ለቡድኑ የተላከ አዲስ የድምፅ መልእክት።

ጋሼ ፈቀደ አየው።

«እንዳትከፍቺው» አለኝ።

እስካሁን አልከፈትኩትም።

አላባረሩትም። ከስሙ ጎን ያለችው አረንጓዴ መብራት ከዚያን ቀን ወዲህ ጠፍታ አታውቅም። ሸክም የሚለውም የለም። ባለፈው ሳምንት ደሜ የቡድኑ ምክትል መሪ አድርጎታል።