መርዶ በስልክ አይነገርም

«ለክቡራንና ክቡራት ደንበኞቻችን በሙሉ፦ በዓለም ላይ የተደቀነውን አደጋ በጥሞና ከመረመርን በኋላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቲማቲም በእጅ መጭመቅ ፍጹም የተከለከለ መሆኑን በጥብቅ እናሳውቃለን። አስተዳደሩ።»

አስተዳደሩ ጌዴዎን ነበር። ሠራተኛውም ጌዴዎን፣ ዘበኛውም ጌዴዎን። ጀፕስታውን ሠፈር ውስጥ ካለች፣ በአገሬው ስፓዛ ከሚሏት አንዲት ትንሽ ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ በቀዳዳ ያቀብላል። ደንበኛው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል። ስሙን የጠየቀው የለም። ለሰላይ ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል?

ሰኔ ነው። የኮሮናው ሎክዳውን አልተነሣም። ጥግ ላይ የወታደር መኪና ቆሟል።

ማስክ ያጠለቀች ፈረንጅ ከሰልፉ ወጥታ ደጅ ወዳለው የቲማቲም ሣጥን ሄደች። አንዱን አነሳች።

ጨመቀችው።

ምልክቱ ይኼ ነው።

«ጣሪያው አፈሰሰ?» አለች ወደ ፍርግርጉ ተጠግታ።

«ገና። ግን ክፉኛ እያሳለ ነው።»

«እንግዲያው ፍጠን። ሬሳ አይናገርም።»

ሁለት ራንድ ወርውራ ሄደች። የጨመቀችውን እንኳ አልወሰደችውም።

«ጣሪያ» የተባሉት ከሱቁ በላይ ተከራይተው የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ፈርጋል ናቸው። ጌዴዎን ደግሞ «ሽንብራ»። ሴትየዋን «አክስት» ይላታል፤ ሌላ ስም አልሰጠችውም። የነገረችው ይህን ነው፦ እሷ እንግሊዝ ናት። ከአርባ ሰባት ዓመት በፊት እንግሊዝን ከምድራችን እናስወጣለን ያሉ የአየርላንድ ታጣቂዎች «አለን» የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእንግሊዝ ወታደር አፍነው ገደሉ። ሬሳውን ደበቁት። ፈርጋል ከነሱ አንዱ ነበሩ። እናትየው ዛሬም የልጇን አጥንት ትጠብቃለች። የጌዴዎን ሥራ የመቃብሩን ቦታ ከሽማግሌው አፍ ማውጣት ነው።

እስከዚያ መሄድ የለም። ፓስፖርቱም የጥገኝነት ወረቀቱም መያዣ ሆነው አክስት ቦርሳ ውስጥ ናቸው። ያለ ወረቀት መንገዱ እስከ ጥጉ ወታደር ድረስ ብቻ ነው። ከፊቱ ፍርግርግ፤ ከላዩ የሚያስል ሰው።

ሱቁን ዘግቶ ሾርባ ይዞ ወጣ።

«በርበሬ ቀንሻለሁ» አለ። «እናንተ እንግሊዞች አትችሉትም።»

ሽማግሌው ከትራሱ ቀና አሉ። «እንግሊዝ? እኔ? አንተን ሶማሌ ብልህስ?»

«ይሉኛል እኮ። ቀኑን ሙሉ።»

ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ አልቆም አለ። ሲበርድላቸው በመስኮቱ ወደ ወታደሮቹ አገጫቸውን ወረወሩ።

«በተወለድኩባት ከተማ በደሪ፣ እናቴ በር ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች እንደዚህ ይቆሙ ነበር። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ግድግዳ አስደግፈው ይፈትሹኛል። በገዛ ሠፈሬ!»

«እኔንም ትናንት ፈትሸውኛል።»

«አንተ ያለኸው በሰው አገር ነው።»

«እነሱም እንዲሁ ነው ያሉኝ።»

ፈርጋል ከብርድ ልብሱ ክር ይመዙ ጀመር። ጌዴዎን አልቸኮለም። በአገር ቤት የደኅንነት ሥራ ላይ ሳለ የተማረው አንድ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሰው ሊናገር ሲል አፍህን ያዝ።

«መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልጁ አላለቀሰም። ‹ለእናቴ ንገሯት› ብቻ አለ። እንነግራለን አልነው።»

«ነገራችኋት?»

«አልነገርናትም።»

ጌዴዎን ሾርባውን አስቀመጠ። የአገሩ ሰው መርዶ እንደሚያቆይ ያውቃል። ለታመመ ሰው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለተፈታኝ ተማሪ ይቆያል። ቢበዛ ወራት ነው።

«አርባ ሰባት ዓመት መርዶ የሚያቆይ ሰው ግን አይቼ አላውቅም» አለ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቦታውንም ነገሩት። ረግረጉን፣ ድልድዩን፣ የፈረሰውን የኖራ ምድጃ።

ጣሪያው አፈሰሰ።

ደረጃው ላይ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ቦታውን በል» አለች አክስት።

አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። አላወቀውም እንጂ ይህን ጊዜ ያስቆመው ስለላ አይደለም፤ አስተዳደግ ነው።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ። «መጀመሪያ የእናትየው ሰዎች ይሰብሰቡ። ጎረቤት ይምጣ። ቄሳቸውም ይኑር። ማን አብሯት እንዳለ ካላወቅኩ አልናገርም።»

«ምን ትቀባጥራለህ? እሱን ተወውና ልጠይቅህ። ሽማግሌው ለሌላ ሰው ተናግሯል? ከአንተ ሌላ ማን ሰምቷል?»

ስልኩን ዘጋው።

አጥንት የሚፈልግ ሰው የት ነው ይላል እንጂ ማን ሰማ አይልም።

ተመልሶ ወጣ። «የላከችኝ እንግሊዝ ይቺ ናት» አለና አክስት ትናንት የላከችለትን የድምፅ መልእክት ለሽማግሌው ከፈተላቸው። ገና ሦስተኛው ቃል ላይ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይቺን ነው እንግሊዝ ያልካት?»

«ለእኔ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ነው የምታወሩት።»

«አንተ ጅል! ድምጿን አውቀዋለሁ፣ የደሪ ልጅ ናት። ልጁን ተኩሶ የገደለው ሰው እህት። ወንድሟ ዛሬ ከረባት አስሮ የተከበረ ሰው ነው። ሬሳው ከወጣ ‹ማን ገደለው› ይባላል፤ አለቀለት።»

ስለዚህ ቦታውን የምትፈልገው ለመቆፈር አልነበረም። የሚያውቁትን ቆጥራ ለመቅበር ነው። የሚያውቁት ደግሞ አሁን ሁለት ናቸው።

«ይነሡ፣ ላዝልዎት» አለ ጌዴዎን።

«ወዴት? ሳንባዬ ከእሷ ቀድሞኛል።» ፈርጋል ስልካቸውን ገፉለት። «እንግሊዝና አየርላንድ አብረው ያቆሙት አንድ ቢሮ አለ። የተሰወሩትን ይፈልጋል። ስም አይጠይቅም። ቁጥሩን ስንት ዓመት ይዤው ዞርኩ፤ መደወል ግን አቃተኝ።»

ለስንት መቶ ዓመት በመሬት፣ በሃይማኖትና በባንዲራ የተፋጁ ሁለት ሕዝቦች የተስማሙት በአጥንት ነው። ጌዴዎን ደወለ። ለሽማግሌው አፍ ሆኖ ረግረጉን፣ ድልድዩንና ምድጃውን ተናገረ። ማዶ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ አስደገመው።

«እናቱ በሕይወት አለች?» አለ ጌዴዎን።

«አለች።»

«ለብቻዋ አትንገሯት። በጠዋት፣ ዘመዶቿን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሰው እጇን ይያዝ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ሰውየው።

ታች ፍርግርጉ ተንኳኳ።

ወረደ። አክስት ናት። ከኋላዋ ሁለት ወንዶች። ማስካቸው እስከ ዓይናቸው ደርሷል።

«ክፈት።»

«ተዘግቷል።»

«ወረቀትህ እኔ ጋ ነው።»

«መርዶው ግን ከእኔ ወጥቷል። ቢሮው ጽፎታል።» በብረቱ መካከል አያት። «አሁን ሁለት ሬሳ ብትጨምሪ ወንድምሽን አያድነውም። ጥጉ ላይም ወታደር አለ።»

ሴትየዋ አልጮኸችም። ማስኩ በትንፋሿ ገባ፣ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረጀች መሰለችው።

«ወንድሜ ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር» አለች።

«ልጁ አሥራ ዘጠኝ።»

ፓስፖርቱን ከቦርሳዋ አወጣች። አሳየችው። መልሳ ከተተችው።

ሄደች።

ፈርጋልን አምቡላንስ ወሰዳቸው። ሆስፒታል በር ላይ ጠያቂ አይገባም ተባለ። በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን ሞቱ። ዘመድ ስላልተገኘ ለቅሶ የተቀመጠ አልነበረም፤ ጌዴዎን በተዘጋው ሱቅ ውስጥ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ውሎ ተነሣ። ለገዳይ ይሁን ለሟች እሱም አልለየውም። ከዚያ ቁልፉን ለአከራዩ ጥሎ በሚኒባስ መጨረሻ ወንበር ተሸጉጦ ወጣ። ያለ ወረቀት፣ ያለ ስም።

በነሐሴ ካትሌሆንግ በሚባል ሌላ ሠፈር ውስጥ፣ ሌላ ፍርግርግ ጀርባ፣ «ምሕረቱ» የሚባል ተቀጣሪ ዳቦ ይደረድር ነበር። ባለሱቋ እትዬ ኤርጎጌ በስልኳ ዜና እያየች ነው።

«አየርላንድ ውስጥ የወታደር አጥንት ወጣ ይላል። እናቱ ቀበረችው። ጉድ እኮ ነው፣ ከስንት ዘመን በኋላ!»

ዳቦው እጁ ላይ ቆመ። ከዚያ ቦታው ገባ።

«አንተ ምሕረቱ» አለች ቀና ብላ፣ «ያልገባኝ ነገር አለ። ሰዎች ጀፕስታውን የራሱ ሱቅ ነበረው ይሉሃል። የራሱን ሱቅ ጥሎ የሰው ሱቅ ውስጥ የሚታሰር ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰው ገደልክ?»

«አልገደልኩም።»

«ሰረቅክ?»

«አልሰረቅኩም።»

«ሴት ናት እንዴ?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«አልናገርም፣ እትዬ።»

«ለእኔም?»

«ለእርስዎም።»