የይታይሽ ኩራዝ

«ፔዳሉን እርገጪና ልቀቂ!» አለ ካሳ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ።

ይታይሽ ረግጣ ለቀቀች። በክሪክ የተነሳው የፊት ጎማ ግን ንቅንቅ አላለም። የፊታውራሪ ወልደ ሰንበት ጥቁር የጀርመን መኪና ዕድሜዋ ቢገፋም በመላው እስቴ አቻ የላትም። ዛሬ ግን ከደብረ ታቦር ስትመለስ ፍሬኗ ይዞ አልለቅ ብሎ፣ ጎማዋ እየጨሰ ነው እንደምንም ግቢ የገባችው። ገበያተኛው ሲስቅ ፊታውራሪ በጆሯቸው ሰምተዋል!

ሾፌሩ ካሳ የይታይሽ አባት ነው። መካኒክ በአቅራቢያው ስለሌለ ብልሽቱን ራሱ ይፈልጋል፤ እሷ መፍቻ ታቀብለዋለች።

«የፍሬኑ ሸራ ተጣብቆ ይሆን?» ብሎ ሸራው ያለበትን ታምቡር በመዶሻ መታ መታ አደረገው። ምንም የለም። ከጎማው ጀርባ ያለችውን የማስተንፈሻ ብሎን ላላ ሲያደርጋት የፍሬን ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማውም ወዲያው ዞረ።

«አየሽ? ሸራው ጤነኛ ነው። ዘይቱ ሄዶ መመለስ አቅቶት ነው። ጥፋቱ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ዘንድ ነው።»

ይታይሽ መፍቻ አቀበለችው። ከጎማው ወደ ፖምፓው፣ ከፖምፓው ወደ ዘይቱ፤ አባቷ አንድ ነገር በፈታ ቁጥር ወደ እሷ እየቀረበ ነበር።

ፖምፓው ሲከፈት ውስጡ ያለው የላስቲክ ጎሚኒ እንደ ተነከረ ባቄላ አብጧል። ካሳ ጣቱን ነክሮ አሸተተ።

«ላምባ! ዘይቱ ላምባ ገብቶበታል!»

ይታይሽ ከየት እንደገባ ታውቃለች። ለሚኒስትሪ ፈተና የምታጠናበት የራሷ ኩራዝ አምሯት ነበር፤ ኩራዝ የሚሆን ደህና ጣሳ ደግሞ ከየት ይገኛል? እንዳትነካው የተባለችውን የፍሬን ዘይት ከነበረበት ጣሳ ወደ ላምባ ጠርሙስ ገልብጣ ጣሳውን ኩራዝ አደረገችው። ጠርሙሱን እንኳ አላጠበችም። አባቷ ሲጠይቃት «ጣሳው ሲያፈስ ጊዜ ጋሽ እንየው ገለበጠልኝ» አለች። ቀላል ውሸት መስሏት ነበር። እሱም አምኗት፣ ዘይቱ ጎደል ሲል ከዚያው ጠርሙስ ሞላ።

«እንየው! ና እስቲ!»

የግቢው ዘበኛ ሽማግሌው እንየው ጋቢውን እየሰበሰበ መጣ።

«ዘይቱን በላምባ ጠርሙስ የገለበጥኸው አንተ ነህ?»

«እኔ? ኧረ በማርያም! ጠርሙስ የሚባል በእጄ አልነካሁ!»

«ታዲያ ልጄ ዋሸች?»

እንየው ዞር ብሎ አያት። አንገቷን ደፋች። አንድ ነገር የገባው መሰለ፤ ግን ሊያጋልጣት አልፈለገም።

«ገደል ልትከተን ነበር!» አሉ ፊታውራሪ ከበረንዳው ላይ። «ነገ ጧት ግቢዬን ለቀህ ውጣ!»

እንየው ከዚህ ግቢ ሌላ መጠጊያ የለውም። ጧት ጧት በሩን እየከፈተ «ተማሪዋ፣ እንዳትወድቂ አደራ!» የሚላት እሱ ነው። ይታይሽ ፊቷ በእፍረት ነደደ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ።

መሸት ሲል ካሳ «ኧረ ዓይኔ አላይ አለኝ። ሩጪ፣ መብራት አምጪልኝ» አላት።

በግቢው ጥግ ወዳለችው ቤታቸው ሮጠች። የእናቷ ፋኖስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኩራዟ ደግሞ ከአልጋዋ ሥር ናት፤ ጣሳው ላይ ያለው ቀይ የፈረንጅ ጽሑፍ ገና አልለቀቀም። አባቷ ያንን የዘይት ጣሳ ከሩቅ ይለየዋል። ፋኖሱን ብትወስድለት ግን ማንም ምንም አያውቅም።

እጇን ወደ ፋኖሱ ሰደደች። ከግቢው በር በኩል እንየው የሚተኛበትን ቁርበት ሲጠቀልል ተሰማት።

እጇን መለሰች። ከአልጋው ሥር ኩራዟን አወጣች፤ ክብሪት ጫረች። ከዚያም ጽሑፉን ወደ ፊት አዙራ ያዘችና ወደ አባቷ ወጣች።