ተነሡ የሚል ሲጠፋ

የቴአትሩ አዘጋጅ የመድረኩ ዙፋን ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። የመጋረጃው ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ቀኝ እጁ የነጎድጓድ ድምፅ ከሚያሰማው ቁልፍ አልራቀም። ከፈረንሳይኛ የተተረጎመውን፣ ገና ሳይታይ ከተማውን ያነጋገረውን ቴአትር ሲያለማምድ ያንን ዙፋን ለማንም አላስነካም ነበር።

መርማሪዋ መድረኩን ዞራ አየች። ችኮላ የሚያንገሸግሻት ሴት ናት። ባልደረባዋ ግን ካቴናውን ከወዲሁ አውጥቷል።

«ምኑ ይመረመራል? ሚስቱና ተርጓሚው ናቸው። ይዋደዳሉ የሚለውን ሐሜት ዘበኛው ሳይቀር ያውቀዋል። ሬሳውንስ ያገኘችው ማን ሆነና?»

«በሐሜት ሰው አላስርም።»

«አለቃ እስከ ማታ ሌላ ሰው ካልተገኘ ሁለቱንም አስገባ ብለውኛል። ኋላ እንዳትቀየሚኝ።»

ሚስትየው የቴአትሩ መሪ ተዋናይት ነች። መርማሪዋ መኳኳያ ክፍል፣ መስታወት ፊት ተቀምጣ አገኘቻት፤ ፊቷን በግማሽ ብቻ ነው የጠረገችው።

«ቴአትሩ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለሌለ ንጉሥ። ሕዝቡ ከመጋረጃ ጀርባ ለሚሰማው ድምፅ ይሰግዳል፤ መጨረሻ ላይ ሲገለጥ ዙፋኑ ባዶ ነው። ድምፁን ባሌ ለራሱ ያዘው። የቀረነውን ሦስታችንን፣ እኔን፣ ሽማግሌውን ጋሼንና በተባረሩት ምትክ የገባውን ተርጓሚ፣ በጨለማ አንበርክኮ ግንባራችንን መሬት ያስነካናል። ነጎድጓዱ ይጮኻል። ከዚያ ‹ተነሡ› እስኪል ንቅንቅ የለም። ደስ ሲለው ያቆየናል።»

«ሳይታዘዝ የተነሣስ?»

«ይባረራል። ጋሼን ብቻ ነው ያላባረራቸው፤ ጉልበታቸው አይችልም፣ ሁልጊዜ ቀድመው ይነሣሉ። ‹ንጉሥ ሆይ፣ ጉልበት ከዳዎት?› እያለ ይስቅባቸዋል። ትናንት ግን ሳቅም አልነበረም። ዝምታው ሲበዛብኝ ተነሥቼ መብራቱን አበራሁ፤ መጋረጃውን ስገልጠው...»

«ይጠሉት ነበር?»

«እንዴት አልጠላው? ቤትም ውስጥ ተነሺ እስኪለኝ ነበር የምኖረው።»

ተርጓሚው መነጽሩን አሥር ጊዜ ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል።

«ጎን ለጎን ነበርን፤ ትከሻችን ይነካካል። ብትንቀሳቀስ አውቅ ነበር። ግን ማን ያምነኛል?»

«ለጊዜው ማንም» አለችው መርማሪዋ፤ አልዋሸችውም።

የቀረው ጋሼ የሚባለው ሽማግሌ ተዋናይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ነገሥታትን ተጫውቷል። ለዚህም ቴአትር ንጉሥ እንዲሆን ተጠርቶ ነበር፤ አዘጋጁ መጀመሪያ መታየቱን ከለከለው፣ ቀጥሎ ድምፁን ወሰደበት፣ በመጨረሻ ከሁሉም ኋላ አንበረከከው። አንድ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«የት ነበሩ ጋሼ?»

«የት እሆናለሁ ልጄ? ከኋላቸው ተንበርክኬ ነዋ። እሷ ስትጮህ እንኳ አልተነሣሁም። ግንባሬ መሬት ላይ ነው ያገኙኝ፤ ጠይቂያቸው።»

ጠየቀቻቸው። እውነት ነበር።

ወደ ማታ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«እንደ ትናንቱ ተንበርከኩ። የእሱን ቦታ እኔ እይዛለሁ።»

ዙፋኑ ላይ ተቀምጣ መጋረጃውን ሳበች። ባልደረባዋ መብራቱን አጠፋ። ቁልፉን ስትጫን ነጎድጓዱ ወለሉን አንቀጠቀጠው፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ከመጋረጃው ማዶ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አንድ ቃል ከአፏ እስኪወጣ ሦስት ሰው መሬት ላይ ነው። ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም አስደነገጣት። ዝም ብላ ጠበቀች።

የወለሉ ጣውላ ሲጢጥ አለ። አንድ ሰው አቃሰተ።

«አብራው!» ብላ መጋረጃውን ገለጠች።

ሚስትየውና ተርጓሚው ትከሻ ለትከሻ እንደተደፉ ናቸው። ሽማግሌው ግን ላብ አጥምቆት፣ ጉልበቱን ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ምን አስነሣዎት?»

«ጉልበቴ ነዋ! አንቺም ልትቀልጂብኝ ነው?»

«ኧረ አልቀልድም። ትናንት ዝምታው ከዚህ እጅግ ይረዝም ነበር። ተንበርክኬ ቆየሁ ብለዋል። ያ ጉልበት ከየት መጣ?»

ሽማግሌው የያዘውን ጉልበት ሲለቅ መርማሪዋ ቀጠለች።

«ነጎድጓዱ ሲጮህ እርስዎ ተነሡ፤ ማንም አይሰማም፣ ማንም ቀና አይልም። ገመዱን ከኋላው አንገቱ ላይ ጠመጠሙ። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። እሷ መነሣቷን ሲሰሙ ቦታዎ ላይ ተደፉ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ሰው ትናንት መጨረሻ ተነሣ፤ ያጋለጠዎት ይኸው ነው።»

«ሁለቱ ቢመሳጠሩስ?» አለ ባልደረባዋ።

«እነሱ ቢሆኑማ ጋሼ ምን አስዋሻቸው?»

ሽማግሌው ዙፋኑን አየ።

«ስንት ዘመን ተሰገደልኝ። ውሸት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም» አለ በዚያ ትልቅ ድምፁ። «እሱ ግን ውሸቱን እንኳ ነጠቀኝ።»

በካቴና ታስሮ ተወሰደ። እርምጃው ከኮሪደሩ እስኪጠፋ መርማሪዋ በጆሮዋ ተከተለችው። ዘወር ስትል ሁለቱ አሁንም ግንባራቸው መሬት ላይ ነው። መብራቱ በርቷል፣ ገዳዩ ተይዟል፣ አዘጋጁ ሬሳ ክፍል ነው።

«አልቋል እኮ» አለቻቸው።

«ገና ‹ተነሡ› አላለንም» አለች ሚስትየው፣ ከመሬት ሳትነሣ።

ቃሉ መርማሪዋ ምላስ ላይ ነበር፤ ልታወጣው ግን ቀፈፋት። ከዙፋኑ ወርዳ ሚስትየው አጠገብ ተንበረከከች፤ ብብቷን ይዛ ቀስ አድርጋ አነሣቻት።