ፈቲያና መጽሐፍ የጫነው ጋሪ

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ፀሐይ በምታቃጥልበት አንድ ሰፈር፣ ሁሉን ነገር የምትጠረጥር ልጅ ነበረች። ስሟ ፈቲያ ይባላል።

ወተት ሲሰጧት ታሸተዋለች። ጫማ ሲሰጧት ውስጡን ታራግፋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አህያ የሚጎትተው ጋሪ መጣ። ጓ! ጓ! ጓ!

ጋሪው ላይ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነበር። አንድ ረጅም ሴትዮ ወረዱ።

«ልጆች! እትዬ ጽጌ እባላለሁ። ኑ፣ መጽሐፍ እናንብብ! በነፃ ነው!»

እነ ፈቲያ ቤት አንድም መጽሐፍ የለም። ጎረቤት ቤትም የለም።

«በነፃ?» አለች ፈቲያ። «እንጃ! አንድ ነገርማ አለ!»

ልጆቹ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ ተቀመጡ። ፈቲያ ግን ከአንድ የውሃ በርሜል ኋላ ተደበቀች።

እትዬ ጽጌ ሳጥኑን ከፈቱ። ሲጢጥ! ልጆቹ ሁሉ ጸጥ አሉ።

ያ ሁሉ የሚንጫጫ ልጅ! «ምን አድርገዋቸው ነው?» አለች ፈቲያ። «እንጃ! አንድ ነገርማ አለ!»

በማግስቱ ጋሪው ተመልሶ ሲመጣ ቀስ ብላ ተጠጋች። ልክ እንደ ድመት፣ ኮሽ ሳትል።

ያኔ እትዬ ጽጌ ድምፃቸውን አወፍረው ጮኹ፦ «እበላሻለሁ!»

የፈቲያ ልብ ድው! ድው! አለ። ከፊት የተቀመጠችውስ ማን ናት? ትንሿ እህቷ ኢክራም!

ፈቲያ ሮጠች። እናቷ ደጃፍ ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ችስስ! ችስስ!

«እማ! እማ! ሴትዮዋ ኢክራምን ሊበሏት ነው!»

እናቷ ጭልፋዋን እንደያዘች ብድግ አለች። ፈቲያ ከፊት፣ እናቷ ከኋላ፣ ሩጫ!

«ማነው ልጄን የሚበላት?»

እትዬ ጽጌ ደነገጡ። መጽሐፉን ከፍ አድርገው አሳዩ። ሥዕሉ ላይ አንድ ጅብ አፉን ከፍቶ ኤሊ ላይ ያፈጣል።

«እኔ አይደለሁም! እሱ ነው!» አሉ።

ልጆቹ ሳቁ። እናቷም ሳቀች። ፈቲያ ግን አልሳቀችም።

«ለምን በነፃ ሆነ?» አለች።

እትዬ ጽጌ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። «ጥሩ ጠየቅሽ። እኔ ልጅ ሆኜ መጽሐፍ አልነበረኝም። የጎረቤት ልጅ ስታነብ በመስኮት አያት ነበር።»

«እናንተ በመስኮት እንድታዩ አልፈለግኩም» አሉ ቀጥለው። «ልጆቻቸው ያደጉላቸው ሰዎች ቤት እየዞርኩ መጽሐፍ ለመንኩ። ሳጥኑን ሞሉልኝ።»

«ከእኛስ ምንም አይፈልጉም?»

«አንድ ነገር እፈልጋለሁ።»

«አላልኩም!» ብላ ፈቲያ ዘለለች። «አንድ ነገርማ አለ!»

«እጅሽን ታጠቢ።»

ፈቲያ እጇን አየች። ጥቁር ብሏል! ከበርሜሉ ውሃ ቀድታ ሙልጭ አድርጋ ታጠበች።

ከዚያ ኢክራም አጠገብ ተቀመጠች። መጽሐፉን ተቀብላ ገጹን ስትገልጥ፣ ጅቡ ኤሊዋ ላይ ሊዘል ነው!

ግን መሸ። ጋሪው ሊሄድ ነው።

«ይዘሽው ሂጂ» አሉ እትዬ ጽጌ። «ነገ ትመልሺልኛለሽ።»

ከእራት በኋላ እናትና ልጆች ፍራሽ ላይ ጋደም አሉ። ፈቲያ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ኤ…ሊ…ዋ… አን…ገ…ቷን… ደ…በ…ቀች!»

ኢክራምን እንቅልፍ ወሰዳት። ፈቲያ መጽሐፉን ልትዘጋ ስትል፣ እናቷ እጇን ያዝ አደረገቻት። እናቷ ማንበብ አልተማረችም።

«ቆይ እንጂ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «ከዚያስ? ጅቡ ምን ሆነ?»

ፈቲያ እናቷ ጉያ ውስጥ ገባች። ገጹንም ገለጠች።